ከ«ሲፍር» እስከ «ዜሮ»፦ አንድ ቃል በስንት እጅ አለፈ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው የአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ታሪክ ነው። ቃሉ «ዜሮ» ነው። ይህን የመረጥነው ወጣቶቻችን በዚህ ቃል ዙሪያ ደጋግመው ሲነታረኩ ስለምናይ ነው። አንዱ «ዜሮን የፈጠሩት ሙስሊሞች ናቸው» ብሎ ይለጥፋል። ሌላው ከሥሩ ይመጣና «ዜሮ የሕንዶች ነው፤ እናንተ ምን አደረጋችሁ?» ብሎ ያሾፋል። ከዚያ ነገሩ ወደ ስድብ ይዞራል። በዚህ ሁሉ መሐል ቃሉን ራሱን «ከየት መጣህ?» ብሎ የጠየቀው የለም።

ቃል ግን ምስክር ነው። ያለፈበትን መንገድ፣ የያዘውን እጅ ሁሉ በላዩ ላይ ተሸክሞ ይሄዳል። እስቲ ዛሬ ምስክሩን እንስማው። በጽሑፉ ውስጥ «ሒጅራ» ያላልናቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

*ሁለት ቃል፣ አንድ አባት*

እንግሊዝኛ ውስጥ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ሁለት ቃላት አሉ። አንደኛው «ዜሮ» ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለተኛው «ሳይፈር» ነው፤ የምስጢር ጽሕፈት ማለት ነው። በስልካችን የምንላላከው መልእክት በሌላ ሰው እንዳይነበብ የሚቆለፍበት ዘዴ በዚህ ስም ይጠራል። እነዚህ ሁለት ቃላት የአንድ አባት ልጆች ናቸው። አባታቸውም «ሲፍር» የሚለው የዐረብኛ ቃል ነው።

መድረሳ የቀራችሁ ሷድ፣ ፋእ፣ ራእ የሚለውን ሥር ታውቁታላችሁ። ትርጉሙ ባዶ መሆን ነው። ሰልማን አል‑ፋሪሲ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን፣ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡትን የዱዓ ሐዲስ አስታውሱ። አንድ ባሪያ እጆቹን ወደ አላህ ሲያነሳ፣ አላህ እነዚያን እጆች ባዶ አድርጎ መመለስን እንደሚያፍር የሚነግረን ነው። እዚያ ላይ «ባዶ» ለማለት የመጣው ቃል ይኸው «ሲፍር» ነው። «ሶፈር» የሚባለውን የሒጅራ ወርም አንዳንድ የቋንቋ ሊቃውንት ከዚሁ ሥር ያያይዙታል፤ ሰዎች ለጉዞና ለዘመቻ ወጥተው ቤቶች ባዶ ይቀሩ ስለነበር ነው ይላሉ።

ልብ በሉ! በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ቃሉ ነበረ፤ ቁጥር ግን አልነበረም። ባዶ እጅ፣ ባዶ ቤት፣ ባዶ ዕቃ ይባልበት ነበር። ታዲያ ይህ ተራ ቃል እንዴት ቁጥር ሆነ?

*ዜሮ ለምን አስፈለገ?*

ይህን ለመረዳት መጀመሪያ ዜሮ የሌላቸውን ቁጥሮች እንይ። እዚሁ አገራችን ውስጥ የግዕዝ ቁጥሮች አሉ። ሁለት መቶ አምስትን ለመጻፍ ፪፻፭ እንላለን። ሁለት፣ መቶ፣ አምስት። መቶ የራሱ ምልክት ስላለው ባዶ ቦታ የሚባል ነገር የለም። በመድረሳ የምናውቀው አብጀድም እንደዚሁ ነው። ራእ 200 ነው፣ ሀእ 5 ነው፤ ሁለቱን ስታገናኟቸው 205 ሆነ። እዚህም ዜሮ አያስፈልግም።

ችግሩ የሚመጣው ማስላት ሲጀመር ነው። እስቲ ፪፻፭ን በ፴፬ አባዙ ብንላችሁ፣ በራሳቸው በግዕዝ ምልክቶቹ ብቻ እንዴት ትሠሩታላችሁ? ብዙዎቻችን መጀመሪያ ወደ 205 እና 34 መመለሳችን አይቀርም።

ሕንዶች የሠሩት ነገር የተለየ ነበር። ዘጠኝ ምልክቶችን ብቻ ወሰዱና የምልክቱን ዋጋ በቆመበት ቦታ ወሰኑት። አንድ ቤት፣ አስር ቤት፣ መቶ ቤት ብለን ትምህርት ቤት የተማርነው ማለት ነው። ነገር ግን በዚህ አጻጻፍ መሐል ያለው ቤት ባዶ ሲሆን ምን ይደረጋል? ዝም ብለን ከተውነው 205 ተመልሶ 25 ይሆናል። የሁለት መቶ አምስት ብር ዕዳ ያለበት ሰው ይደሰት ይሆናል፤ አበዳሪው ግን አይደሰትም! ስለዚህ «እዚህ ቤት ማንም የለም» የሚል ምልክት ያስፈልጋል። ሕንዶች ያንን ምልክት በሳንስክሪት ቋንቋቸው «ሹንያ» አሉት። ትርጉሙ ባዶ ማለት ነው።

የባዶ ቦታ ምልክት ከእነሱም በፊት ነበረ። በዛሬዋ ዒራቅ ምድር የነበሩት ባቢሎናውያን በሸክላ ጽሑፋቸው ላይ ለባዶ ቦታ ምልክት አድርገዋል። ባዶን ራሱን እንደ ቁጥር ቆጥሮ ሕግ ያወጣለት የሒሳብ ሊቅ ግን ሕንዳዊው ብራህማጉፕታ ነው፤ መጽሐፉን የጻፈው በ628 ነው። ቁጥር ከራሱ ሲቀነስ ዜሮ ይሆናል፤ በዜሮ ላይ ቁጥር ቢደመር ቁጥሩ ራሱ ይቀራል፤ በዜሮ የተባዛ ሁሉ ዜሮ ነው። እነዚህን ሕጎች እሱ ጻፋቸው።

628 ለእኛ ምን ዓመት ነው? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሑደይቢያን ስምምነት የተዋዋሉበት ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ በሕንድ ያለው ሊቅና በመዲና ያሉት ሶሓቦች አንዱ ስለ ሌላው የሚያውቁት ነገር አልነበረም። 

*ባግዳድ፦ ባለቤቱን ሳይደብቁ መውሰድ*

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ወሬው ወደ ምዕራብ መጣ። በ662 በሻም ምድር የነበሩ ሴቬረስ ሴቦክት የሚባሉ የክርስቲያን ጳጳስ ስለ ሕንዶች ዘጠኝ ምልክቶች በአድናቆት ጽፈዋል። ዕውቀትን ግሪኮች ብቻ የያዙት አድርገው የሚያስቡትን ለመገሠጽ ነበር ያነሱት። በየዘመኑ «ዕውቀት የእኛ ብቻ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም ማለት ነው።

በ762 ኸሊፋ አቡ ጀዕፈር አል‑መንሱር ባግዳድን ቆረቆሩ። በእሳቸው ዘመን የሕንድ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ወደ ቤተ መንግሥታቸው መጥቶ ወደ ዐረብኛ ተተረጎመ። ከእሳቸው በኋላም በኸሊፋ አል‑መእሙን ዘመን፣ በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል‑ኸዋሪዝሚ ስለ ሕንዶች አሰላል መጽሐፍ ጻፉ። የዐረብኛው ቅጂ ጠፍቷል፤ ዛሬ የምናውቀው በላቲን ትርጉሙ ነው። ትርጉሙ የሚጀምረው «ኸዋሪዝሚ እንዲህ አለ» በሚል ነው፤ ላቲኖች ስማቸውን «አልጎሪዝሚ» አድርገው ጻፉት። ዛሬ ስለ ስልካችንና ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ስናወራ «አልጎሪዝም» የምንለው የእሳቸው ስም ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንድታስተውሉልን እንፈልጋለን።

አንደኛ፣ የሙስሊም ሊቃውንት ይህን ሒሳብ «የእኛ ነው» አላሉም። ስሙን «አል‑ሒሳብ አል‑ሂንዲ» አሉት፤ የሕንድ ሒሳብ ማለት ነው። ከኸዋሪዝሚ አንድ መቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ341 ዓመተ ሒጅራ (በ952 ገደማ)፣ አል‑ኡቅሊዲሲ የተባሉ ሊቅ በደማስቆ የጻፉት መጽሐፍ በዚህ ጉዳይ በዐረብኛ ከቀሩልን መጻሕፍት ሁሉ ቀደምቱ ነው። በርዕሱ ላይ «የሕንድ ሒሳብ» የሚል አለበት። ዛሬም ቢሆን በቁርኣናችን ላይ የአንቀጽ ቁጥር ሆነው የምናያቸውን ቁጥሮች ዐረቦች «አርቃም ሂንዲያ»፣ የሕንድ ቁጥሮች ይሏቸዋል። ከ1200 ዓመት በኋላ እንኳ ስሙ አልተነሣም። በዑለሞቻችን ዘንድ የዒልም በረካ ቃሉን ለተናጋሪው ከመመለስ ጋር የተያያዘ ነው። እነዚህ ሰዎች ይህን አማና በሒሳብም ላይ ጠብቀውታል።

ሁለተኛ፣ ቃሉን እንዴት እንደወሰዱት ተመልከቱ። «ሹንያ» የሚለውን የሳንስክሪት ድምፅ አልወሰዱም። መጀመሪያ ምን ማለት እንደሆነ ተረዱ፤ «ባዶ» ማለት መሆኑን ሲያውቁ ከራሳቸው ቋንቋ «ሲፍር»ን አወጡለት። የተረጎሙት ትርጉሙን ነው። በዱዓ ላይ ስለ እጅ ይነገር የነበረው ቃል በዚህ መንገድ የቁጥር ስም ሆነ።

*ተሸካሚ ብቻ ነበሩን?*

«ታዲያ ሙስሊሞቹ ከሕንድ ወደ አውሮፓ ያመላለሱ ብቻ ናቸው» የሚልም አለ። ይህም ትክክል አይደለም።

በዚያን ጊዜ የሕንድ ሒሳብ የሚሠራው አቧራ በተነሰነሰበት ሰሌዳ ላይ ነበር። መድረሳ ውስጥ ሎሕ ላይ ጽፎ ያጠበ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ጽፈህ ትደመስሳለህ፣ ደምስሰህ ትጽፋለህ። በመጨረሻ የሚቀረው መልሱ ብቻ ነው፤ መሐል ላይ የተሳሳትክ እንደሆነ የት ጋ እንደተሳሳትክ ማየት አትችልም። አል‑ኡቅሊዲሲ ይህን ሥራ ወደ ወረቀትና ቀለም አመጡት። እያንዳንዱ ደረጃ ተጽፎ ስለሚቀር ሥራውን መመርመር ተቻለ። ከዚህም አልፈው ከአንድ በታች ያለውን በአስርዮሽ መጻፍ አሳዩ። 19ን አምስት ጊዜ በተከታታይ ለሁለት ሲያካፍሉ ዛሬ 0.59375 ብለን የምንጽፈውን መልስ አግኝተዋል።

ኸዋሪዝሚም በሌላ መጽሐፋቸው አልጀብርን ራሱን የቻለ ትምህርት አድርገው አቀረቡ። የዚያ መጽሐፍ ትልቅ ክፍል ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ ነው። ፈራኢድ የቀራ ሰው ምክንያቱን ያውቃል፤ ሟች ሚስት፣ እናት፣ ወንድና ሴት ልጆች ትቶ ሲያልፍ የእያንዳንዱን ድርሻ ማውጣት ሒሳብ ይጠይቃል። የወራሾችን ሐቅ በትክክል ለማድረስ ሒሳቡ ያስፈልግ ነበር።

*አውሮፓ፦ ድምፁን መውሰድ*

ከሰሜን አፍሪካ፣ በዛሬዋ አልጄሪያ ቢጃያ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጣሊያኗ የፒሳ ነጋዴዎች እዚያ ይነግዱ ነበር። ጉዳያቸውን በጉምሩክ የሚያስፈጽምላቸው ሰው ልጁን ሊዮናርዶን ወደዚያ አስመጣውና ሒሳብ አስተማረው። ይህ ልጅ ኋላ ላይ ዓለም ፊቦናቺ እያለ የሚጠራው ነው። በግብፅ፣ በሻም፣ በሲሲሊና በሌሎችም አገሮች ተዘዋውሮ የሒሳብ ዕውቀቱን ካዳበረ በኋላ በ1202 ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። በዚያ መጽሐፍ ዘጠኙን ምልክቶች የሕንዶች ብሎ ጠራቸው፤ 0 የሚለውን ምልክት ደግሞ ዐረቦች «ዘፊሩም» ይሉታል ብሎ አስተዋወቀ። እሱም የወሰደበትን አልደበቀም።

«ዘፊሩም» የእኛው «ሲፍር» ነው፤ የላቲን ልብስ ስላለበሱት ብቻ ተለወጠ። ቃሉ ከዚህ በኋላ በጣሊያን ምድር «ዘፊሮ» ተባለ፤ እያጠረ ሄዶ «ዜሮ» ሆነ። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ1600 ገደማ ነው። በሌላ መንገድ ደግሞ ያው «ሲፍር» በላቲን «ሲፍራ» ተብሎ ወደ ፈረንሳይኛ አለፈ፤ ከዚያም በ14ኛው ክፍለ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ገብቶ «ሳይፈር» ሆነ። መጀመሪያ ትርጉሙ ዜሮ ነበር። ታናሽ ወንድሙ «ዜሮ» ሲመጣ ቦታውን ለቀቀለት።

ልዩነቱን አያችሁት? ባግዳድ ትርጉሙን ወሰደች፤ አውሮፓ ድምፁን ወሰደች። ለዚህ ነው ዛሬ እንግሊዛዊው «ዜሮ» ሲል ቃሉ «ባዶ» ማለት እንደነበር የማይሰማው። እኛም አማርኛ ተናጋሪዎች ድምፁን ከአውሮፓ ቋንቋዎች ወስደን «ዜሮ» እንላለን።

አቀባበሉም ቀላል አልነበረም። በ1299 በፍሎረንስ ከተማ የገንዘብ መንዛሪዎች ማኅበር በሒሳብ መዝገብ ላይ አዲሶቹን ቁጥሮች መጠቀም በመተዳደሪያ ደንቡ ከለከለ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ምክንያት የማጭበርበር ስጋት ነው፤ 0 ላይ ትንሽ ጭራ ብትጨምርበት 6 ወይም 9 ይሆናል። ስጋቱ ከንቱ አልነበረም፤ ዛሬም ቼክ ስንጽፍ ቁጥሩን በፊደል የምንደግመው ለዚሁ ነው። ይሁንና ነጋዴው ጥቅሙን ስላየ ክልከላው አልዘለቀም።

*በእንግድነት የተመለሰው ቃል*

«ሳይፈር» ወደ ምስጢር ጽሕፈት የዞረው አውሮፓውያን ደብዳቤያቸውን ለመደበቅ በፊደል ፈንታ ቁጥርና ምልክት መጻፍ ስለጀመሩ ነው። ፈረንሳዮች «ሺፍር» ሲሉ ቁጥርም ምስጢር ጽሕፈትም ማለታቸው ነው።

የሚገርመው ነገር የምስጢር ጽሕፈትን ስለመፍታት የቀረልን ቀደምት መጽሐፍ የተጻፈው በባግዳድ መሆኑ ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት አል‑ኪንዲ፣ በአንድ ቋንቋ ውስጥ የትኛው ፊደል ብዙ ጊዜ እንደሚደጋገም በመቁጠር የተቆለፈን ጽሑፍ መክፈት እንደሚቻል ጽፈዋል። እሳቸው ግን ይህን ጥበብ «ሲፍር» አላሉትም፤ በዘመናቸው «ሙዐማ»፣ የተሸፈነ ነገር ይባል ነበር።

አሁን የመጨረሻውን ተመልከቱ። የዛሬ ዐረቦች የምስጢር ኮድን «ሺፍራ» ይሉታል። ከየት አመጡት? ከፈረንሳይኛው «ሺፍር» ነው። ማለትም «ሲፍር» ከቤቱ ወጣ፣ በላቲንና በፈረንሳይኛ በኩል ዞረ፣ መልኩን ለውጦ ወደ ቤቱ ሲመለስ ቤተሰቡ አላወቀውም፤ እንደ እንግዳ ተቀበሉት። በቱርክኛም ሁለቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ዜሮ «ሲፊር» ነው፤ ፓስወርድ ደግሞ «ሺፍሬ» ነው። የቱርክ ፊልም የምታዩ ወጣቶች ሁለቱንም ቃላት ሰምታችኋቸው ይሆናል፤ ወንድማማች መሆናቸው ግን ማንም አልነገራችሁም ይሆናል።

*ከዚህ ምን እንያዝ?*

ወንድሞችና እህቶች! ወደ መጀመሪያው ክርክር እንመለስ።

«ዜሮን ሙስሊሞች ፈጠሩት» ብሎ መለጠፍ ስሕተት ነው፤ የሕንዶችን ሐቅ መውሰድም ነው። እስልምናን ለማወደስ ብለን ውሸት እንድንናገር ማንም አልፈቀደልንም። እነዚያ የምንኮራባቸው ሊቃውንት ራሳቸው «የሕንድ ሒሳብ» ብለው ጽፈውት እያለ እኛ በእነሱ ስም ተነሥተን ብንክድ፣ የከዳነው እነሱኑ ነው። በሌላ በኩል «ሙስሊሞች ምንም አላደረጉም» ለሚለው የእንግሊዝኛው ቃል ራሱ መልስ ይሰጣል፤ ዐረብኛ በመሐል ባይኖር «ዜሮ» የሚባል ቃል አይኖርም ነበር። መልሱን በስድብ ሳይሆን በዕውቀት ስጡ።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ጉዳይም አለ። ብዙ ወጣቶቻችን መድረሳንና ትምህርት ቤትን ሁለት የማይገናኙ ዓለማት አድርገው ያያሉ። ጠዋት ሒሳብ፣ ማታ ቂርኣት፤ አንዱ ሲከብድ አንዱን መጣል። አንዳንዱ ደረሳ «ሒሳብ የዱንያ ነው» ብሎ ይተወዋል፤ አንዳንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ «ዐረብኛ ለምን ይጠቅመኛል?» ይላል። ኸዋሪዝሚ ዘንድ ግን ሚራስና አልጀብር በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ነበሩ። አንድ ቃል በዱዓ ሐዲስ ውስጥም፣ በኮምፒውተር 0 እና 1 ውስጥም ይኖራል። ሁለቱንም ለያዘ ወጣት እነዚህ ነገሮች አንዱ ሌላውን ይከፍቱለታል። ስለዚህ ነገ ኡስታዛችሁን ስለ «ሲፍር»፣ የሒሳብ መምህራችሁን ስለ ዜሮ ጠይቁ።

ቀሪው ጥያቄ የእኛ ትውልድ ነው። የባግዳድና የደማስቆ ሰዎች ከሌላው ተማሩ፣ የተማሩበትን በስሙ ጠሩ፣ የራሳቸውን ጨመሩበት፣ ለሚቀጥለው አቀበሉ። ከእነዚህ አራት ሥራዎች እኛ የቱ ጋ ነን? ያለፈውን እያነሱ መኩራት ከአራቱ ውስጥ የለም። ቢያንስ ከመጀመሪያው እንጀምር፤ ከማንም ይሁን እንማር።

አላህ ጠቃሚ ዒልምን ይወፍቀን፤ ወደ እሱ የምናነሳቸውንም እጆች ባዶ አይመልስብን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።